ወንበሩ በማን ልክ ተሠራ?

አቻምየለህን መጀመሪያ ያየሁት በርጩማዬን ገልብጦ በጉልበቶቹ መሃል ይዞ ነው።

ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር የሚባል ሰፈር ውስጥ ካለችው ጠባብ የስፌት ሱቄ ወጥቼ ጎረቤት ክር ልዋስ ሄጄ ነበር። ስመለስ ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ የተነሰነሰበት አንድ ወንድ ደጃፌ ላይ ቁጢጥ ብሎ የበርጩማዬን እግር በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል።

«ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት።

«አንዱ እግሩ ከሌሎቹ ይረዝማል።»

«ማን ጠየቀህ?»

«ማንም። ከመንገዱ ማዶ ነው የምሠራው። ስትሰፊ ወደ ግራ ታዘነብያለሽ። ወገብሽን ሳያምሽ አይቀርም።»

ወገቤን እንደሚያመኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሀርጌሳ ላይ ለማን ይነገራል? ደብረ ታቦር ያለችው እናቴ ከሰማች ደግሞ ተመለሽ ብላ ትነዘንዘኛለች።  እሱ በርጩማውን መሬት ላይ አሳርፎ በመዳፉ ተጫነው። አልተነቃነቀም።

«ተቀመጪበት» አለኝ።

ተቀመጥኩ። ቀጥ አልኩ። ስሙን እንኳ ሳይነግረኝ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ።

በማግስቱ የሚስማር መያዣ ኪስ ያለው የሥራ ሽርጥ ላሰፋ ብሎ መጣ። ወገቡንና ዳሌውን ስለካው ትንፋሹን ይዞ ቆመ።

«ስምህ ማን ነው?»

«አቻምየለህ።»

«እውነት አቻ የለህም?»

«እናቴ ናት ያለችው። እኔ እስካሁን አላጣራሁም።»

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቅ በኋላ ሰላም አላገኘሁም።

ቀናተኛ ነሽ ይሉኛል። ነኝ፣ ምን እደብቃችኋለሁ። ሻይ የምታመላልስለት ልጅ ብርጭቆውን ስትሰጠው ጣቷ ጣቱን ነክቶ እንደሆነ በመስኮቴ አያለሁ። እሱ ደግሞ ለሁሉም ደግ ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። የባጃጅ ሹፌሩን መቀመጫ ይጠግናል፣ ለመንደሩ አሮጊት ምርኩዝ ያለሰልሳል። ለእኔ ብቻ ደግ ቢሆን ምን ነበረበት?

ያም ሆኖ ቀትር ላይ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ሲያርፍ እሱ ወደ ሱቄ ጥላ ይመጣል። ጾም ከሆነ ሽሮ፣ ካልሆነ ሩዝ በሥጋ እንካፈላለን። የብቸና ልጅ ነው፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው በልመና ነው። እወድሻለሁ አላለኝም። እኔም አላልኩትም። እንዲያው ጎን ለጎን ተቀምጠን መንገዱን እናያለን፣ እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይሰማል።

አንድ ቀን ሲመጣ መስታወት ፊት ቆሜ አረንጓዴ የሳቲን ቀሚስ ደረቴ ላይ ለጥፌ አገኘኝ። ቀሚሱ የደንበኛዬ ነበር። ፈትሂያ የምትባል ሴት ለእህቷ ልጅ ሠርግ ያሰፋችው ነው።

«ያምርብሻል» አለኝ፣ ጆሮው ቀልቶ።

የሰው ነው ማለት ነበረብኝ። ግን ስንት ጊዜ ነው እሱ እንዲህ የሚለኝ? ዝም ብዬ ፈገግ አልኩና ቀሚሱን የራሴን ነጠላ በምሰቅልበት ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ክር አልቆብኝ ስለነበር «ሱቁን ጠብቅልኝ» ብዬው ወጣሁ።

ስለ ፈትሂያ ልንገራችሁ። የድሬዳዋ ልጅ ናት፣ ሀርጌሳ የከረመች ነጋዴ። ረጅም፣ ዳሌዋ ሰፊ፣ አባያ ለብሳ እንኳ ስትራመድ መንገዱን የገዛችው ይመስላል። ባሏን ከፈታች ቆይታለች። ጮክ ብላ ትስቃለች፣ ያገኘችውን ሁሉ «አቦ» ብላ ትጠራለች። እወዳት ነበር። የወንበሩ ነገር እስኪመጣ ድረስ።

ፈትሂያ አንድ ሰፊ ግቢ ተከራይታ ዛፍ ሥር ሻይና ጁስ የሚጠጣበት ቤት ልትከፍት ተነሳች። ለግቢው የሚሆን የእንጨት የመዝናኛ ወንበር ፕላን ከኢንተርኔት አውጥታ፣ አሳትማ፣ አቻምየለህ ወደሚሠራበት የጣውላ ግቢ ይዛ መጣች። የግቢው ባለቤት ሂርሲ የሚባል ሱማሌ ሽማግሌ ነው። ወጣትነቱን ጅግጅጋ ስላሳለፈ አማርኛ ይችላል። ሁላችንም «አዴር» እንለዋለን፣ አጎቴ እንደማለት ነው።

ፕላኑ ላይ ያለው ወንበር ወደ ኋላ የተንጋለለ ነው፤ መቀመጫውም መደገፊያውም ርብራብ፣ ክንዱ ሰፋ ያለ። ልኩ ሁሉ በኢንች ነው። አቻምየለህ ወደ ሳንቲሜትር እየቀየረ ኮምፔንሳቶ ላይ በትክክለኛ መጠኑ ሳለው፣ ቆረጠው፣ ያንን ጣውላው ላይ እያስደገፈ አሰመረ። ከዚያ አንድ ብቻ ሠርቶ «መጀመሪያ ይሞከር» አለ። ትራሶቹን የምሰፋው እኔ ስለሆንኩ እኔም ተጠራሁ።

ፈትሂያ ተቀመጠች። ወንበሩ ዋጣት። እግሮቿ ከመሬት ተነሱ፣ ጉልበቷ ደረቷ ጋ ደረሰ፣ ልትነሳ ስትል አባያዋ በርብራቡ መሃል ተሰንቅሮ ያዛት።

«አቦ አውጡኝ» አለች እየሳቀች።

አቻምየለህ እጁን ዘረጋላት። ያዘችው። ስቦ አስነሳት። ከተነሳች በኋላም እጁን ቶሎ አልለቀቀችውም።

«ይሄ ወንበር ሴት ልጅ አይቶ አያውቅም» አለችው።

ሂርሲ ፊቱን አዙሮ አሳለ። ሌላው ሁሉ ሳቀ። እኔ እጃቸውን እያየሁ ነበር።

«ፕላኑን ያወጣው ሰው ሱሪ ለለበሰ ነው ያሰበው» አለ አቻምየለህ። «እቀይረዋለሁ።»

ቀየረውም። መንጋለሉን ቀነሰ፣ በርብራቡ መሃል ያለውን ክፍተት አጠበበ፣ ጠርዙን ሁሉ በመላጊያ አድቦለቦለው። ልብስ የሚይዝ ነገር እንዳይኖር የብሎኑን ራስ ወደ ውስጥ አስምጦ በእንጨት ደፈነው። ክንዱን የሻይ ብርጭቆ ሳይንሸራተት እንዲቆምበት አስተካከለው። አንድ ነገር በቀየረ ቁጥር ፈትሂያ መጥታ ትቀመጣለች፣ እሱ ሜትሩን ይዞ ፊቷ ይንበረከካል። «እዚህ ይመችሻል? እዚህስ?» ይላታል። እኔ ከመንገዱ ማዶ መርፌ ጣቴን ይወጋኛል።

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ተሻገርኩ።

«እኔስ ልሞክረው?» አልኩት።

«አንቺ አሁን አይደለም» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

አሁን አይደለም ማለት ምን ማለት ነው? ያን ቀን ምሳ አብሬው አልበላሁም። ራሴን አሞኛል አልኩት። አላመመኝም፣ ተቃጥዬ ነው።

ሃይማኖታቸው አይገናኝም ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ ብዬው ነበር። ግን እጇ እጁ ውስጥ የቆየበት ጊዜ ትዝ ሲለኝ ሃይማኖቱም ምኑም ከጭንቅላቴ ይጠፋል።

የሻይ ቤቱ ወንበሮች አልቀው ትራስ ሳለብስ ፈትሂያ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«አምለሰቴ፣ በርበራ ባሕሩ ዳር ከዘመዶቼ ጋር የእንግዳ ማረፊያ እየሠራን ነው። አልጋው፣ ወንበሩ፣ በሩ ሁሉ በእንጨት ነው። አቻምን ይዤው ልሄድ ነው።»

አቻም! እኔ እንኳ እንዲህ አሳጥሬ ጠርቼው አላውቅም።

«ለስንት ጊዜ?»

«እንጃ። ዓመት ሊፈጅ ይችላል።»

«እሱስ ምን አለ?»

«መጀመሪያ የምጨርሰው ነገር አለኝ አለ። ቅዳሜ ቁርጡን ይነግረኛል።»

በእጄ የያዝኩት ትራስ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ሳነሳ ቆየት አልኩ፣ ፊቴን እንዳታይብኝ። አቻምየለህ በርበራ ሄደ ማለት፣ ከእሷ ጋር ባሕር ዳር ዓመት ኖረ ማለት፣ ለእኔ አለቀ ማለት ነው። ሀርጌሳ ላይ ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

በማግስቱ እሱ ራሱ ሱቄ መጣ። ቆሞ ጣቶቹን ያፍተለትላል።

«ትራስ ስፊልኝ» አለኝ። «ለተለየ ወንበር ነው።»

«ምን ዓይነት?»

«ሁለት መቀመጫ ሆኖ መሃሉን ትንሽ ጠረጴዛ የሚያያይዘው። ከፈትሂያ ፕላን መጨረሻ ላይ ነበር። አዴርን አስፈቅጄ በትርፍራፊ እንጨት እየሠራሁት ነው።»

«ልኩስ?»

«የአንዱ መቀመጫ ወርድ ሃምሳ ሳንቲም፣ የሌላው ስልሳ። የስልሳው የጀርባ ትራስ አርባ አምስት ይሁን።»

«ፕላኑ ላይ ሁለቱ እኩል አይደሉም እንዴ?»

«እኩል ናቸው። እኔ ነኝ ያበላለጥኳቸው። የሚቀመጡት ሰዎች እኩል አይደሉማ።»

እኛ ልብስ ሰፊዎች ሰውን የምናውቀው በልኩ ነው። ስም ይጠፋኛል፣ ልክ አይጠፋኝም። ሃምሳው እሱ ራሱ ነው፤ ሽርጡን ስሰፋ የለካሁት እኔ ነኝ። ስልሳው ግን... ከስልሳው ላይ ለመቀመጫ ምቾት የሚተወውን አራት ሳንቲም ስቀንስ ሃምሳ ስድስት ይመጣል። ቀሚስ ተዘርግቶ የዳሌው ወርድ ሃምሳ ስድስት፣ የጀርባ ቁመት አርባ አምስት። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ልክ ያላት አንዲት ሴት ብቻ አውቃለሁ። አረንጓዴውን ቀሚስ ቆርጬ ያለበስኳት እኔ ነኝ።

«ለማን ነው ወንበሩ?» አልኩት። ድምፄ ከራሴ የወጣ አልመሰለኝም።

«ሲያልቅ ታውቂያለሽ» አለኝ።

ፈገግ አለ። ያንን ፈገግታውን እወደው ነበር። ያን ቀን ግን ከመቀሴ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ መቆየቱ ለእሱ ጥሩ አልነበረም።

ዓርብ ሁሉም ያርፋል፣ የጣውላው ግቢም ዝግ ነው። ሆኖም ከማዶ የብርጭቆ ወረቀት ድምፅ ይሰማኛል። ስፖንጅ ልለካ በሚል ሰበብ ተሻገርኩ። ወንበሩ ግቢው መሃል ቆሟል። ሁለት መቀመጫ፣ በመሃላቸው ለሁለት ብርጭቆ የምትበቃ ጠረጴዛ፣ እንጨቱ ተልጎ ተልጎ የሕፃን ጉንጭ መስሏል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር አላየሁም። እንዲህ የጠላሁትም ነገር የለም።

«አምለሰት» አለ ብድግ ብሎ። «ጥሩ መጣሽ፤ እኔም ልጠራሽ...»

አረፍተ ነገሩን አልጨረሰም። ፈትሂያ ቀዝቃዛ ጁስ በላስቲክ አንጠልጥላ በበሩ ገባች።

«አቦ በዓርብም ትሠራላችሁ? ማሻአላህ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችና ማንም ሳይጋብዛት ሰፊው መቀመጫ ላይ ቁጭ አለች። ጀርባዋ መደገፊያው ላይ ዐረፈ። ግራና ቀኝ አንዲት ጣት አትተርፍም። «ወላሂ ልክክ አለብኝ! ለእኔ ተለክቶ የተሠራ ነው የሚመስለው።»

አቻምየለህ ደርቆ ቀረ። እሷን አየ፣ ወንበሩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። የተያዘ ሌባ እንዲህ ነው የሚያየው ብዬ አሰብኩ።

«ሽጥልኝ» አለችው።

«አይሸጥም።»

«ለምን?»

«ስጦታ ነው» አለ፣ እየተንተባተበ።

ከዚህ በላይ ምን ልስማ? ስፖንጁን ታቅፌ ወጣሁ። «አምለሰት» እያለ ሲጠራኝ ሰምቻለሁ። ዘወር አላልኩም።

ሱቄን ከውስጥ ዘግቼ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ጨርቁን ዘረጋሁና ሜትሬን አነሳሁ። የሰው ሥራ ተቀብዬ ሳልሠራ መልሼ አላውቅም፣ ለእሱም ሠርቼ እሰጠዋለሁ አልኩ። የሃምሳውን ቆረጥኩ። ወደ ስልሳው ስመጣ ግን እጄ አልሄድም አለኝ። በገዛ መቀሴ ለእሷ፣ ከእሱ ጎን ለምትቀመጥበት? ሜትሩን ወደ ራሴ ዳሌ ወሰድኩት። የዙሪያው ግማሽ አርባ አራት። ለምቾት አራት ጨመርኩና አርባ ስምንት ላይ ቆረጥኩት። ጀርባውንም በራሴ ጀርባ። እስቲ ትቀመጥበት አልኩ። ክፋት ነው፣ አውቃለሁ። እየሰፋሁ ግን ትንሽ ቀለለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ትራሶቹን ታቅፌ ተሻገርኩ። ሂርሲ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ሆኖ ሬዲዮ ያዳምጣል። አቻምየለህ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው መስሏል። ምንም ሳልል ትራሶቹን አቀበልኩት። የራሱን አስቀመጠ፣ ልክ ገባ። ሌላውን አስቀመጠ። በግራም በቀኝም ባዶ እንጨት ታየ።

«ጠበበ» አለ።

«አልጠበበም። ወንበሩ ነው የሰፋው።»

«ስልሳ ብዬሽ ነበር እኮ።»

«ሰምቼሃለሁ።»

«ታዲያ በማን ልክ ሰፋሽው?»

«በራሴ ልክ» አልኩት። ከዚያ ማቆም አቃተኝ። «በራሴ ልክ ነው የሰፋሁት! ሌላ ሴት ካንተ ጎን እንድትቀመጥ ብዬ እኔ ትራስ አልሰፋም። ፈትሂያን ይዘህ በርበራ ሂድ። ባሕሩ ዳር ተቀመጡበት። ትራሷን ግን ሌላ ሰው ይስፋላት።»

ሂርሲ ሬዲዮውን ቀነሰ።

አቻምየለህ የእንጨት ብናኙ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ትራሱን እያገላበጠ አየው።

«ይሄ ነው ያንቺ ልክ?»

«አዎ።»

«ስልሳውም ያንቺ ነበር» አለኝ።

«የእኔ?» ራሴን ከላይ እስከ ታች አየሁ። «እኔ ስልሳ እሆናለሁ? ዓይንህን ምን ነካው?»

«ዓይኔማ ትጠባለች ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ሜትሩን አመንኩ።»

«መቼ ለክተኸኝ ታውቃለህ?»

«አንቺን አይደለም። ቀሚስሽን ነው» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። «ሱቁን ጠብቅልኝ ብለሽኝ ክር ልትገዢ የሄድሽ ቀን። አረንጓዴውን።»

ለጊዜው አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ።

«አቻምየለህ... አረንጓዴው ቀሚስ የፈትሂያ ነው።»

ቀና አለ።

«ነጠላሽን በምትሰቅይበት ሚስማር ላይ ነበር እኮ። መስታወት ፊት ለብሰሽ... ይዘሽው አየሁሽ። ያምርብሻል ስልሽ ያንቺ አይደለም አላልሽም።»

«ደስ ብሎኝ ነዋ! ያምርብሻል ስትለኝ ደስ ብሎኝ አፌ ተያዘ።»

 እኔ ልሳቅ ላልቅስ አላወቅሁም።

«ትናንት ፈትሂያ ገብታ ስትቀመጥበት፣ ልክ ሲሆንላት፣ ጣቴን መጋዝ የቆረጠው ነው የመሰለኝ» አለ። «ሌሊቱን ሙሉ የት ጋ ነው የተሳሳትኩት እያልኩ ነበር።»

«ለምን ልክሽን ስጪኝ አላልከኝም?»

«ልክሽን ስጪኝ ካልኩሽ ለምን ትይኛለሽ። ለምን ካልሽኝ ደግሞ ሁሉንም መናገር ነው። እኔ መናገር አልችልም አምለሰት። አገር ቤት ብሆን ሽማግሌ እልካለሁ፣ እነሱ ይናገሩልኛል። እዚህ ማንን ልላክ? ስለዚህ ወንበሩን ሠርቼ፣ ካጠገቤ ተቀመጪ ልልሽ ነበር። ከተቀመጥሽ እሺ ብለሽኛል ማለት ነው ብዬ። ሌሎቹን ወንበሮች አትሞክሪ ያልኩሽም ለዚሁ ነው። የመጀመሪያ ወንበርሽ ይሄ እንዲሆን።»

 ወንበሩን አየሁት፤ አልተቀመጥኩም።

«በርበራስ?»

«ብቻዬን አልሄድም። እዚያም ወንበር ካለ ትራስ አለ። ካንቺ ጋር ተማክሬ ነው ለፈትሂያ መልስ የምሰጣት ብዬ ነው እስከ ዛሬ ያቆየሁት።» መቀመጫውን በእጁ አበሰልኝ። «ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም።»

ፊቱ ጠቆረ።

«ፈትሂያ የተቀመጠችበት ላይ እኔ አልቀመጥም» አልኩት። «ፍታው። በልኬ አድርገህ እንደገና ሥራው። ደግሞ እኔ በእንጨት አልጠየቅም። እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች? እንደ ሰው ሽማግሌ ላክ።»

«ማንን?»

በሩ አጠገብ ሂርሲ አሳለ።

«ዋላሂ እኔ ሽማግሌ አይደለሁም እንዴ?» አለ፣ የነጣ ጺሙን እየያዘ። «ይሄ ጺም በቀለም ነው የነጣው?»

በዚያው ቀን አቻምየለህ ወንበሩን ፈታው። የስልሳውን ርብራብ አንድ በአንድ አሳጠረ፣ መደገፊያውን ዝቅ አደረገ፣ ክንዱን ወደ ውስጥ አምጥቶ አሰረው። ወንበሩን ከመጀመሪያው ፕላን ጋር የሚያገናኘው ነገር አልቀረም።

እኔ ደግሞ ወደ ፈትሂያ ሄድኩ። ሽማግሌ ሲላክ የሚቀበል ወላጅ ያስፈልጋል፣ ሀርጌሳ ላይ በዕድሜ የምትበልጠኝና አማርኛ የምትናገር ሴት ከእሷ ሌላ አላውቅም። ሁሉንም ነገርኳት፣ ቀሚሱንም፣ ወንበሩንም፣ ትራሱንም።

«ቀናሽብኝ?» አለች፣ ዓይኗን አፍጥጣ። «በእኔ?»

«አዎ።»

«በጣም?»

«በጣም።»

«አቦ ሰው ከቀናብኝ ስንት ዘመኔ ነው። ደስ አለኝ» ብላ አቅፋ ሳመችኝ። «በይ ከዛሬ ጀምሮ እናትሽ እኔ ነኝ። በቀላሉ ግን አልሰጥሽም፣ እወቂው።»

ሂርሲ ወደ ሱቄ የመጣው በሚቀጥለው ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጺሙን ሂና ተቀብቷል። ሽማግሌ ሦስት መሆን አለበት ብለውት ሁለት ጣውላ ጫኞች አስከትሏል፤ ሁለቱም አንድ ቃል አማርኛ አያውቁም፣ ግን እንደ ትልቅ ሰው ተኮሳትረው ቆሙ። አቻምየለህ በር ላይ ቀረ። እኔ እንደ ደንቡ ከመጋረጃ ጀርባ ነኝ። ፈትሂያ የእኔን በርጩማ ይዛ ዘና ብላ ተቀምጣለች፣ እነሱን ግን ቶሎ ተቀመጡ አላለቻቸውም።

«ምን እግር ጣላችሁ?» አለች።

«ልጅ አለን» አለ ሂርሲ። «እንጨት ያውቃል። ይጾማል፣ ይጸልያል፣ አይሰክርም። እናንተም ልጅ አላችሁ፣ ጨርቅ ታውቃለች። እንድትሰጡን መጥተናል።»

«ልጃችን ብዙ ፈላጊ ነው ያላት» አለች ፈትሂያ። ውሸቷን ነው። «ለመሆኑ ይሄ ልጃችሁ ሴት መለካት ይችላል?»

«አይችልም» አለ ሂርሲ። «ጥሩነቱ እሱ ነው።»

ከመጋረጃው ጀርባ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ፈትሂያም ሳቋን ለመዋጥ ጊዜ ወሰደባት።

«ሠርጉ ጅግጅጋ ይሆናል» አለች። «ቤተ ክርስቲያን እዚያ አለ፣ እናቷም ለመምጣት ይቀርባታል። ከሠርጉ በኋላ ሁለቱም አብረው በርበራ ይመጡልኛል። ልጄን ለብቻዋ ሀርጌሳ አልተዋትም።»

«ሐቅ ነው። ተስማምተናል።»

«ቆይ ገና ነው። እኛ ደግሞ እናስብበት። ዛሬ ሂዱና ከወር በኋላ ተመለሱ።»

«ኢንሻአላህ» አለ ሂርሲ፣ ምርኩዙን አንስቶ። ሁለቱ ጫኞችም አብረውት ወደ በሩ ዞሩ።

ወር! ደንቡ እንደሆነ አውቃለሁ። ሴት ልጅ በአንድ ቀን አትሰጥም። ግን ወር ሙሉ ፈትሂያ ለበርበራው ሥራ እያለች በየቀኑ ያንን ግቢ ስትመላለስ፣ እሱ ሜትር ይዞ ፊቷ ሲንበረከክ፣ እኔ ከማዶ ሳስብ... መጋረጃውን ገለጥኩት።

«ምን የሚታሰብ ነገር አለ?» አልኩ። «እኔ አስቤ ጨርሻለሁ። እሺ ብያለሁ።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሙሽራ እንዲህ ስትናገር ማንም ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ።

«አቦ ውሰዱልኝ ይቺን ልጅ» አለች ፈትሂያ። «ሴት አይደለችም፣ እሳት ናት።»

አቻምየለህ በር ላይ ቆሞ ጣቶቹን ያፍተለትላል። ሳየው እንደገና ንዴቴ መጣ።

«አንተስ?» አልኩት። «ሦስት ሰው ልከህ አንተ ዝም ትላለህ? ወንበሩ ተናገረ፣ አዴር ተናገሩ፣ እናቴ ሆና ፈትሂያ ተናገረች። ያንተ ድምፅ የት አለ?»

ጆሮው ቀላ። ጉሮሮውን ጠረገ። ከመንገዱ የባጃጅ ጥሩንባ ተሰማ፣ እስኪያልፍ ጠበቀ።

«እወድሻለሁ» አለኝ። በሰው ሁሉ ፊት፣ ቃሉን ሳይበላ፣ ዓይኔን እያየ።

መናገር አቃተኝ። እኔ፣ አምለሰት፣ መናገር አቃተኝ።

ሁለቱ ጣውላ ጫኞች ምን እንደተባለ ስላልገባቸው ወደ ሂርሲ ዞሩ። ሂርሲ ጎንበስ ብሎ በሱማሊኛ ነገራቸው። ሰምተው ተያዩ፣ የተኮሳተረው ፊታቸው ተፈታ፣ አንዱ ለሂርሲ አንድ ነገር አለው።

«ምን አለ?» አለች ፈትሂያ።

«ድገመው በለው ይላል» አለ ሂርሲ።

ደገመው።